ለሰው የተሠራ የሽንት ስትሪፕ ለውሻ ምን ያህል ይጠቅማል? መልቲስቲክስ 10 ኤስጂ

የውሻ ሽንት ሲቀላ ወይም ቡናማ ሲሆን ቀለሙ ብቻውን ምክንያቱን አይናገርም። ሽንት ውስጥ ተነክሮ በካሬዎቹ የቀለም ለውጥ የሚነበበው ይህ ስትሪፕ እዚያ ላይ ይረዳል፤ በልኩ ከተጠቀሙበት። አንዱ ጠርሙስ 100 ስትሪፕ ይይዛል፣ በእያንዳንዱ ላይ 10 ትንንሽ ካሬዎች አሉ። ለውሻ ግን የነጭ የደም ሴል፣ የናይትራይት፣ የዩሮቢሊኖጅንና የሽንት እፍግታ ካሬዎች አይታመኑም። እነዚህን ዝለሏቸው፤ እፍግታ፣ ማለትም ሽንቱ ምን ያህል እንደወፈረ፣ በሪፍራክቶሜትር (በብርሃን ስብረት በሚለካ መሣሪያ) ይለካ። ገንዘቡ የሚወጣው ለቀሩት ስድስቱ ነው፤ ደም፣ ስኳር፣ ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው)፣ ፕሮቲን፣ ቢሊሩቢን (ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚወጣው ቢጫ ነገር) እና ፒኤች (የአሲድነት ልክ)።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከአያያዝ ነው። የጠዋቱን ሽንት፣ መጀመሪያ የወረደው ካለፈ በኋላ ተቀበሉ፤ ለሴት ውሻ ለዚሁ ብቻ የተለየ እጀታው ረጅም ጭልፋ ይመቻል። ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ በሽንት ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ጓንት አይቅር። ዕቃው በበረኪና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ ደምና ስኳር በሌለበት አለ ይላል። ሽንቱን በ30 ደቂቃ ውስጥ ፈትሹ።

ስትሪፑን ነክራችሁ ወዲያው አውጡት፣ ጠርዙን ከዕቃው አፍ ጋር አስነክታችሁ ትርፉን አራግፉ፣ አግድም ያዙት፤ ከቆመ የአንዱ ካሬ ቀለም ወደ ሌላው ይፈሳል። ስኳርና ቢሊሩቢን በ30 ሰከንድ፣ ኬቶን በ40፣ ደም፣ ፒኤችና ፕሮቲን በ60 ይነበባሉ። ከ2 ደቂቃ በኋላ የሚታየው ለውጥ ትርጉም የለውም።

የደሙን ካሬ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቢጫው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከታየ ያልተሰበረ ቀይ የደም ሴል አለ፤ ፊኛና የሽንት ቧንቧ ይጠረጠራሉ። ካሬው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ግን ብዙ ደምም፣ ከተሰበረ ሴል የወጣ ሄሞግሎቢንም፣ ከተጎዳ ጡንቻ የመጣ ማዮግሎቢንም ሊሆን ይችላል፤ ስትሪፑ አይለይም። ሽንቱን በጠባብ ብልቃጥ አቁሙት። ቀዩ ወደ ታች ዘቅጦ ላዩ ከጠራ ሴል ነው፤ እንዳለ ቀይ ወይም ቡናማ ከቀረ ሄሞግሎቢን ወይም ማዮግሎቢን ሊሆን ስለሚችል አሳሳቢ ነው።

በእኛ ቤት ቀይ የደም ሴል ተሰብሮ ሄሞግሎቢን የሚወጣበት አንዱ ምክንያት የወጥ ትራፊ ነው። ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ለመጉዳት በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ይበቃል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ ከ150 ግራም ጀምሮ ማለት ነው፣ ዶሮ ወጥ ላይ ደግሞ ስንት ሽንኩርት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ የበላው ነገር ይረሳል። በመዥገር የሚተላለፈው ባቤዚያ የተባለ የደም ጥገኛ ተውሳክም እንዲሁ ያደርጋል፤ ድዱ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ቢሊሩቢን በወፈረ ሽንት ላይ፣ በተለይ በወንድ ውሻ፣ አንድ ፕላስ (በጠርሙሱ የቀለም ሰንጠረዥ ላይ ትንሹ ደረጃ) ቢያሳይ አትደንግጡ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ የጉበት ወይም የደም ችግር ይፈለጋል። ስኳርና ኬቶን አብረው ከታዩ የስኳር በሽታ ተባብሶ ሊሆን ስለሚችል የሐኪም ቀጠሮ አይጠበቅም።

ለአንድ ውሻ 100 ስትሪፕ ብዙ ነው፤ ከሌላ የውሻ ባለቤት ጋር መካፈል ብታስቡም ከጠርሙሱ አውጥታችሁ አትከፋፍሉት። እርጥበት ካሬዎቹን ያበላሻል፣ መምጠጫው ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ክዳኑን ወዲያው ግጠሙ፣ ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡት።

ወንድ ውሻ እያማጠ ጠብታ እንኳ ካልወጣው ግን የሚነከር ነገር የለም፤ ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰድ።