ከግራን ሳሶ ተራራ የተነሳችው ሽቶርክ፦ የአንድ ታሪካዊ ፊልም ግምገማ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1943 በጣልያን ግራን ሳሶ ተራራ ላይ የተቀረጸው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በአጭር ሜዳ ተነስተው በአጭር ሜዳ ስለሚያርፉ አውሮፕላኖች ከቀሩልን ምስሎች ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ነው። አብራሪው ሃይንሪክ ገርላህ ከተራራው እስር የተለቀቀውን የጣልያን አምባገነን መሪ ሙሶሊኒንና በማስለቀቁ ዘመቻ የተሳተፈውን የጀርመን ኤስኤስ መኮንን ኦቶ ስኮርዜኒን ጭኖ፣ ከአቅሟ በላይ በከበደች ፊዘለር ሽቶርክ በተባለች ትንሽ የጀርመን አውሮፕላን ድንጋያማውን ቁልቁለት ይጀምራል። በክንፏ የፊት ጠርዝ ላይ የተዘረጋው ቋሚ ስላት (ከክንፉ በጠባብ ክፍተት የተለየ ቀጭን ተጨማሪ ክንፍ)፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ባቀናበትና ፍጥነቷ ዝቅተኛ በሆነበት ጊዜም አየሩ ከክንፉ ገጽ ሳይላቀቅ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ በስተኋላ ያሉት ሰፋፊ ፍላፖች (ወደ ታች የሚታጠፉ የክንፉ ክፍሎች) ደግሞ የማንሳት ኃይሏን ይጨምራሉ። ረጃጅም እግሮቿ የመሬቱን ወጣ ገባነት ሲውጡ ማየት ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ የበለጠ ያስተምራል።

ፊልሙ ለናዚ ፕሮፓጋንዳ የተቀረጸ በመሆኑ ግን ካሜራው ከአውሮፕላኗ ይልቅ በሰዎቹ ፊት ላይ ይዘገያል፤ ይህም በእጅጉ ያሳዝናል። የምስሉ ጥራት ከዘመኑ አንጻር መልካም ነው። ፍጥነቱ የተቀየረ ቅጂ ካጋጠማችሁ ግን ተዉት፤ አውሮፕላኗ ምን ያህል በዝግታ እንደምትነሳ በትክክል መመዘን የሚቻለው ፊልሙ በተቀረጸበት ፍጥነት ሲታይ ብቻ ነው።