ጅማ፣ ጅሬን ተራራ ስር ላላችሁ፦ የገዛሁት የቬቲቨር ሣር ጎርፉን አቆመልኝ ወይ?

ግማሽ በግማሽ።

ቤቴ ከጅሬን ቁልቁለት ስር ነው። ድሮ ከላይ ቡናና ቁጥቋጦ ስለነበር ውኃው እኛ ጋ ሲደርስ ቀጠን፣ ጠራ ብሎ ነበር። አሁን ቆርቆሮና ኮብልስቶን ነው፣ የተረፈው ደግሞ ባሕር ዛፍ ሆኖ ስሩ እንኳን ሣር ሊኖረው ቅጠሉም ለማገዶ ተጠርጎ ራቁቱን ቀርቷል። ዝናቡ ሳያባራ ቀይ ጎርፍ በር ላይ ነው።

አምና ሰኔ ከአንድ ችግኝ ሻጭ ቬቲቨር ገዛሁ፣ ከነተከላው። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ሣሩ ጥሩ ነው፣ ተካዮቹ ግን ጉድ ሠሩኝ። ረድፉን ቁልቁለቱን ተከትለው ተከሉት! "ልጆች፣ ይሄ እኮ ለጎርፉ መንገድ መጥረግ ነው" ስላቸው "እንዲህ ነው የሚያምረው" አሉኝ። ነቅዬ፣ በግንበኛ ውኃ ልክ እየለካሁ፣ አግድም ራሴ ደገምኩት። በችግኞቹ መሃል ከስንዝር ያነሰ ነው የሚተወው።

የመጀመሪያው ክረምት ክፍተት ስለነበረው ብዙም አልሠራም። ዘንድሮ ሐምሌ ግን ከረድፉ በላይ ደለል ተከምሮ አየሁ። ሣሩ ውኃውን ያዘገየዋል እንጂ አይጠጣውም፣ የሚጠጣው አፈሩ ነው። ቀይ አፈራችን ደግሞ ካልተረገጠ ጎበዝ ነው። ጣሳ ከላይም ከታችም ከፍቼ፣ መሬት ውስጥ ትንሽ ሰክቼ ውኃ አፈሰስኩበት። ቡናው ስር ወዲያው ሰረገ። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ላይ ግን አቦሉ ተፈልቶ እስኪጠጣ ውኃው እንዳለ ቆሟል።

ነሐሴ ላይ ነው የተሸነፍነው። አፈሩ ሲጠግብ ሣር ኖረ አልኖረ ያው ነው፣ አንድ ማታ ጎርፉ ረድፉን ዘሎ ሳሎን ገባ። የላይ ቤቶቹ ጣሪያም አለ፦ 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 3,000 ሊትር ነው፣ አሸንዳና ሮቶ ከሌለ ሁሉም ወደኛ።

ሣሩ ከ5 4፣ ተከላው 1። በነገራችን ላይ ቬቲቨር አገራችን የገባው በ1960ዎቹ በጅማ ምርምር ማዕከል በኩል ነው፣ ያውም እዚሁ ጅማችን ማለት ነው። ከጉቶው እየገነጠሉ መትከል ስለሚቻል ሁለተኛ አልገዛም። የሚፈልግ ጎረቤት ካለ በነፃ ይውሰድ፣ ከኔ በላይ ያላችሁ ቅድሚያ አላችሁ።