ደብረ ማርቆስ ላይ «በአንድ ቀን ሲፒአር እናሠለጥናለን» ለሚሉት ገንዘባችሁን አትስጡ

በደብረ ማርቆስ የመብራት ምሰሶዎች ላይና በቴሌግራም «የመጀመሪያ እርዳታና ሲፒአር ሥልጠና ለጀማሪዎች፣ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ያለው» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ሲፒአር ማለት ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ሕይወቱን ለማትረፍ መሞከር ነው። ሥልጠናውን ከፍዬ ስለተከታተልኩት የምናገረው ያየሁትን ነው።

ዋጋው 1,500 ብር ተብሎ ነበር። ማምሻውን «ለሰርተፍኬት ማሳተሚያ» በሚል 400 ብር ተጨመረ፣ ያውም በጥሬ ገንዘብ ብቻ። ደረሰኝ የጠየቁት «ሰርተፍኬቱ ራሱ ደረሰኝ ነው» ተባሉ። ይህ ግን ከቀሪው ጋር ሲነጻጸር ቀላሉ ነው።

አዳራሹን የሞላነው ስለ ጉዳዩ ምንም የማናውቅ ሰዎች ነበርን፤ የባጃጅ ሹፌሮች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚቶች። ለዚህ ሁሉ ሰው የቀረበው መለማመጃ አሻንጉሊት አንድ ሲሆን፣ የደረቱ ሞላ ተሰብሮ ስለነበር አንዴ ሲጫኑት እንደገባ ይቀራል። በሲፒአር ደግሞ መልቀቁ የመጫኑን ያህል ቁም ነገር ነው፤ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ካልተነሳ ልብ በደም አይሞላም። ለነገሩ አሻንጉሊቱ ደኅና ቢሆንም ለውጥ አልነበረውም። ተራ ይዘን እየተንበረከክን፣ እጃችንን ደረቱ ላይ አስቀምጠን ፎቶ ተነሳን። «ቀና በሉ፣ ወደ ካሜራው! ቀጣይ!» ልምምድ የተባለው ይኸው ነው። ፎቶዎቻችን አሁን ለአዲሱ ማስታወቂያ ውለዋል።

አዋቂ ሰው ልቡ ሲቆም ደረቱ መሐል ላይ ክርን ሳይታጠፍ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይጫናል። 30 ጊዜ ከተጫኑ በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ይህን ፍጥነት የያዘ ሰው ላብ ያጠምቀዋል፣ ክንዱ ይዝላል፤ ረዳቶች በየሁለት ደቂቃው የሚቀያየሩትም ለዚህ ነው። በዚያ አዳራሽ ግን ያላበው ሰው አላየሁም።

ካልተማርነው ይልቅ የተማርነው ያስፈራል። አንዲት ሞግዚት «ሕፃን ባቄላ ቢያንቀው ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። አሠልጣኙ «እግሩን ይዘሽ፣ ዘቅዝቀሽ አራግፊው» አላት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዲህ አይደረግም! በክንድ ላይ በሆዱ ተደርጎ፣ ራሱ ዝቅ ብሎና ተደግፎ፣ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ይመታል፤ ካልወጣለት በጀርባው ተገልብጦ ደረቱ 5 ጊዜ ይጫናል። ለቃጠሎ «የጥርስ ሳሙና ቀቡ» ተባልን። ምጣድ ያቃጠለው እጅ የሚፈልገው 20 ደቂቃ ያህል የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። እባብ ለነደፈው ደግሞ «በምላጭ በጥታችሁ ምጠጡ» አለን። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ዘመድ ላለን ሰዎች ይህ የዋዛ አይደለም፤ መብጣትም መምጠጥም ቁስል ከመጨመር በቀር አይጠቅምም፣ የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ ቶሎ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ሞግዚቷ የሰማችውን ሁሉ በደብተሯ ስትጽፍ ነበር። ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ያ ደብተር ነው።

ሰርተፍኬቱ ላይ የአሜሪካ የልብ ማኅበርን ዓርማ ለማስመሰል ቀይ ልብ ታትሞበታል። የማኅበሩ እውነተኛ የሲፒአር ሥልጠና ካርድ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል፣ በኢንተርኔት የሚረጋገጥ ነው። የእኛው መለያ ቁጥርም ሆነ የማብቂያ ቀን የለውም።

መማሩን አትተዉት፤ በተለይ አምቡላንስ ቶሎ በማይደርስበት ገጠር ዘመድ ያላችሁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፣ የአምቡላንስ ጥሪው 907 ነው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። ሌላ ቦታ ከሆነ አንድ አሻንጉሊት ለስንት ሰው እንደሚደርስ፣ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይጫን እንደሆነ፣ አሠልጣኙ የጤና ባለሙያ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ እንዳለው ጠይቁ። «እሱን በዕለቱ እናያለን» ከተባላችሁ ውጡ።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የማስታወቂያውን ፎቶና በባንክ የላካችሁበትን ማረጋገጫ ይዛችሁ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የተለጠፈውን ወረቀት ቶሎ ፎቶ አንሱት፤ ከአንዳንዱ ምሰሶ ላይ መላጥ ጀምሯል።