ለፖለን ቆጠራ የገዛሁት ያገለገለ ማይክሮስኮፕ፦ ከአምስት ወር በኋላ

ለማስተርስ ጽሑፌ ከሐይቅ ጭቃ የወጣ ፖለን፣ ማለትም የድሮ የአበባ ብናኝ፣ እየቆጠርኩ ነው። የላብ ወረፋ ሲያማርረኝ እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ያገለገለ ማይክሮስኮፕ ገዛሁ። የሦስት ወር የቤት ኪራዬን በልቷል።

ሌንሱ በጣም ጥሩ ነው። በ400 እጥፍ ምስሉ ጥርት ይላል። የዝግባ ብናኝ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የተለጠፉ ሁለት የአየር ከረጢቶች አሉት፤ በመጀመሪያው ማታ ሳየው እህቴን ከኩሽና ጠርቼ አሳየኋት። የሣር ብናኝ ደግሞ ክብ ሆኖ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው፣ ዙሪያዋን ቀለበት ያላት። ደካማ ሌንስ ላይ ይህቺ ቀዳዳ ትደበዝዛለች። እዚህ ግን ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የብናኙ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ አየር በማያገኘው ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ከእያንዳንዱ ንብርብር 300 ያህል ቆጥራችሁ ከመቶ ስንቱ ዝግባ፣ ስንቱ ሣር፣ ስንቱ አስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) እንደሆነ ስታሰሉ የዚያን ዘመን አየር ጠባይ መገመት ትጀምራላችሁ። አንዱን በሌላው ካሳሳታችሁ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ባሌ ተራሮች ላይ ባለው ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ጥድና ዝግባ የበዙት አየሩ ደረቅ እያለ ሲመጣ ነው፤ ዛፍ በዛ ማለት ዝናብ በዛ ማለት አይደለም። ሣር ሲበዛም ድርቅ ብቻ ሳይሆን ሰው ደን መንጥሮ ሊሆን ይችላል። እኔ በጣም የምወደው ባለ ሦስት ማዕዘኑን የባሕር ዛፍ ብናኝ ነው። ዛፉ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ እሱ ያለበት ጭቃ የቅርብ ጊዜ ነው ማለት ነው።

ችግሩ የስላይድ፣ ማለትም ናሙናው የሚቀመጥበት ስስ መስታወት፣ ማንቀሳቀሻው ነው። ላልቷል። ቆጠራ የሚሠራው መስመር በመስመር ስለሆነ ትንሽ ሲንሸራተት የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል፣ አንድ ቀን 180 ደርሼ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ባለሱቁ ሳያስከፍል አጠበቀልኝ፤ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ላላ። አምፖሉም በጣም ይግላል፣ መብራት ሲጠፋም ሥራ ይቆማል። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወስጄ በኤልኢዲ አስቀየርኩት፤ አሁን በፓወር ባንክ ይሠራል።

ለሌንሱ ስል ዛሬም እገዛው ነበር። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ስላይድ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ሙሉ መስመር ከዳር እስከ ዳር ቁጠሩ፤ ከተንሸራተተ ዋጋ አስቀንሱ።