ሪዞሊ ወይስ ሞንዳዶሪ?

ሁለቱም የጣሊያን አሳታሚዎች የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889። ሁለቱም የድሃ ልጆች ናቸው። አንጄሎ ሪዞሊ ሚላኖ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አደገ፤ የኅትመት ሙያም ተማረ። አርኖልዶ ሞንዳዶሪ ደግሞ የጫማ ሠሪ ልጅ ነው። ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም።

ሞንዳዶሪ ይበልጥ ያደላው ወደ መጽሐፍ ነው። በ1929 የወንጀል ልቦለዶችን በቢጫ ሽፋን ማውጣት ጀመረ። ቀለሙ ከመለመዱ የተነሳ ጣሊያኖች ዛሬም እንዲህ ያለውን ታሪክ «ጃሎ» ይሉታል፤ ቢጫ ማለት ነው። የአንድ ሰው የሽፋን ምርጫ የቋንቋ ቃል ሲሆን አይገርምም?

ሪዞሊ ግን የመጽሔት ሰው ነው። በ1927 «ኖቬላ»ን የገዛው ከማን መሰላችሁ? ከራሱ ከሞንዳዶሪ! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ኦጂ» የተባለውን ሳምንታዊ መጽሔት አወጣ። በ1949 ደግሞ ትንንሽ፣ ርካሽ መጻሕፍትን ማተም ጀመረ፤ መቶ ገጹ በ50 ሊሬ፣ በያኔው የጣሊያን ገንዘብ። የፊልም ዳይሬክተሩን የፌሊኒን ሥራዎች ሳይቀር በገንዘቡ ደግፏል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ለሪዞሊ አደላለሁ። ተራው አንባቢ ምን እንደሚወድ የሚያሸት አፍንጫ ነበረው። ትልቁን ጋዜጣ «ኮሪየሬ ዴላ ሴራ»ን ግን አላገኘም። በ1970 አረፈ፤ ጋዜጣው በቤተሰቡ እጅ የገባው በ1974 ነው።