ከፍ የተደረገ ቶዮታ፦ ስታብላይዘሩ ይኑር ወይስ ይውለቅ?

የቆየ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ በ5 ሳንቲሜትር ከፍ ሲደረግ ጋራዥ ውስጥ የማትጠፋ ምክር አለች፦ «ስታብላይዘሩን አውልቀው፣ ምን ይሠራልሃል?» ስታብላይዘር የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዝ የብረት ዘንግ ነው። ምክሯ ለአንዳንዱ መኪና ትሠራለች፣ ለሌላው አደጋ ናት። መጀመሪያ መታየት ያለበት ፊቱ በባሌስትራ (በተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት) ነው ወይስ በሞላ (በጥምዝምዝ ብረት) የቆመው የሚለው ነው።

ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡና ሲወርዱ ስታብላይዘር ሥራ የለውም፤ ጎሚኒዎቹ (የጎማ መያዣዎቹ) ውስጥ ዞር ዞር ይላል እንጂ አይጠመዘዝም። የሚጠመዘዘው አንዱ ጎማ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ጎማ አየር ላይ እንዲንጠለጠል የሚያደርገውም፣ ኩርባ ላይ መኪናው እንዳያዘነብል የሚይዘውም ያው አንድ ብረት ነው።

ፊቱ ባሌስትራ የሆነ (ኤልኤን106 ሃይሉክስ፣ 75 ላንድክሩዘር)

ማውለቅ ይቻላል። ባሌስትራው ራሱ መዘንበልን ይቃወማል፤ ለከፍታ የሚሸጠው አዲሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ይጠነክራል። ኩርባ ላይ ትንሽ ልዩነት ይሰማል፣ ይለመዳል።

ፊቱ ቶርሽን ባር (በመጠምዘዝ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) የሆነ ሃይሉክስ

ይኑር። የጎማው መውረድ ጎማውን በያዙት ክንዶች ስለሚገደብ በማውለቅ የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ሞላ ያለው 80 ላንድክሩዘር

እዚህ ላይ ነው ገንዘብም ሕይወትም የሚጠፋው። ሞላ መዘንበልን ብዙም አይቃወምም። ከጣሪያው ላይ ባለ 20 ሊትር 6 ጀሪካን ናፍጣ ቢጫን ወደ 100 ኪሎ ነው፤ መኪናው በ5 ሳንቲም ከፍ ብሎ፣ ያለ ስታብላይዘር፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ማሰብ ነው። ምርጫው ሦስት ነው።

በድሮው ሊንክ (የስታብላይዘሩን ጫፍ ከአክስሉ ጋር በሚያያይዘው አጭር ዘንግ) መተው ርካሹ ነው። እስከ 3 ሳንቲም ከፍታ ብዙ ችግር አያመጣም። ከዚያ በላይ ሲሆን ሊንኩ የስታብላይዘሩን ጫፍ ወደታች ይጎትታል፤ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ጫፉ ከሊንኩ ጋር ቀጥ ይልና ይገለበጣል። ጎማው ሲመለስ ሊንኩ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ገፍቶ ይጣመማል፣ ጎሚኒውን ይበላል።

ሊንኩን ማስረዘም ወይም ስታብላይዘሩን ከሻንሲው ዝቅ ማድረግ ለአብዛኛው ባለቤት የምንመርጠው ነው። ድፍን አክስል (ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) ላይ ልኩ ቀላል ነው፦ መኪናው 5 ሳንቲም ከፍ ካለ ሊንኩም 5 ሳንቲም ይረዝማል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከጎን ሲታይ ሊንኩና የስታብላይዘሩ ክንድ ወደ 90 ዲግሪ መጠጋት አለባቸው። የድሮውን ሊንክ ቆርጦ መሃሉ ላይ ቧንቧ መበየድ ግን ይቅር፤ ሊንክ መጎተትም መግፋትም ስላለበት ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ዝቅ ማድረጊያ ብሎክ ሲገዛ አብረው የሚመጡት ረጃጅም ብሎኖች ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የሚል የጥንካሬ ደረጃ ካልተቀረጸባቸው ይቀየሩ።

በፒን የሚፈታ ሊንክ ወደ ዳናኪል ወይም ኦሞ ለሚመላለስ ነው። አስፋልት ላይ ይገጠማል፣ ድንጋይ ላይ ይፈታል። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አቧራ ሲገባበት ፒኑ ይበላና ያንኳኳል። የተፈታው ጫፍ ወደላይ ካልታሰረ የመሪውን ዘንግ ወይም ጎማውን ይመታል። ደግሞም መመለስን የሚረሳ ሰው አይግዛው።

ከፊትና ከኋላ ስታብላይዘር የግድ አንዱ ይውለቅ ከተባለ የኋላው ይውለቅ። የፊቱ ብቻ ከወጣ መዘንበሉን የሚቋቋመው በአብዛኛው የኋላው ስለሚሆን ኩርባ ላይ መጀመሪያ የሚንሸራተተው ጀርባው ነው፤ ያን ደግሞ በመሪ መመለስ ከባድ ነው። የቀረውን በወፍራም መተካት ይቻላል፤ ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ 25 ሚሊሜትር የነበረው 30 ሲሆን ከእጥፍ በላይ ይጠነክራል።

አንድ ነገር በስህተት በስታብላይዘር ይሳበባል፦ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ወዲህ ወዲያ ማለቱ። ያ ብዙውን ጊዜ ከፍታው ካስተሩን (ጎማው ለመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደኋላ ያዘመመበትን ልክ) ስለቀነሰው ነው፤ መፍትሔው የካስተር ማስተካከያ ቡሽ ነው።

ከፍ የተደረገ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሥር ገብቶ ሻንሲው ላይ ባዶ የብሎን ቀዳዳ ይፈልግ። ካገኘ ስታብላይዘሩ ወልቆ ሊሆን ይችላልና የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹንም ይመልከት። ስታብላይዘር ሲወጣ ጎማው ከድሮው በላይ ይወርዳል፤ ሾካብዞርበሩም ረጅም ከሆነ የሚያቆመው ቱቦው ራሱ ይሆናል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ሻንሲውን በመደገፊያ አቁሞ ጎማዎቹን ማንጠልጠል፣ ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ከአክስሉ ሥር በክሪክ ማንሳት። በተንጠለጠለው ጎን ቱቦው ከተወጠረ ረጅም ይገጠምለት።

ሊንክ ሲገጠም አራቱም ጎማ መሬት ይንካ። አንዱ ጎን በክሪክ ተነስቶ ከሆነ ስታብላይዘሩ ተጠምዝዞ ይጠብቃል፤ ዳዶው ሲፈታ ጫፉ ዘሎ ጣት ይመታል።