ሦስት ሉህ ኮምፔርሳቶና አንድ ሸራ፦ የ«ፓድል ዳክ» ጀልባ ንድፍ በደሴና በኮምቦልቻ ዕቃ ሲመዘን

«ፓድል ዳክ ሬሰር» የሚባለው የሸራ ጀልባ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የወጣና በነፃ የሚገኝ ነው። ርዝመቱ 2.44 ሜትር፣ ስፋቱ 1.22 ሜትር ነው። ለአናጢ እነዚህ ቁጥሮች አዲስ አይደሉም፤ የአንድ ሉህ ኮምፔርሳቶ ልክ ናቸው። ደንቡ አጥብቆ የሚይዘው የጀልባውን ገላ የታችኛውን 25 ሴንቲ ሜትር ቅርጽ ብቻ ነው። ምሰሶው፣ ሸራውና መቀመጫው ለሠሪው የተተወ ነው። ጀልባ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የቀለለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። መልኩ ግን ሳጥን ነው፤ ቆንጆ ጀልባ የሚፈልግ ሌላ ንድፍ ይፈልግ።

ንድፉ ራሱ ጥሩ ስለሆነ እዚህ የሚመዘነው ዕቃው ነው። ጀልባዋ የምትንሳፈፍበት፣ «ሐይቅ» በሚባለው ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የውኃው ጥልቀት ደግሞ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚያ መሐል ላይ ኮላው ቢለቅ ቆሞ መውጣት የለም።

ከኮምፔርሳቶው እንጀምር። የሚያስፈልገው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሦስት ሉህ ነው፦ አንዱ ለወለል፣ አንዱ ለሁለቱ ጎኖችና ለፊትና ለኋላ መዝጊያ፣ ሦስተኛው ጀልባዋ ውኃ ቢገባባት እንዳትሰጥም ለሚይዟት የአየር ሳጥኖች። ሱቅ ውስጥ ለጣሪያና ለቁም ሣጥን የሚሸጠው ቀጭን ኮምፔርሳቶ መልኩ ያማልላል። ውስጡን የያዘው ሙጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሚችል አይደለም። «ውኃ አይነካውም» የሚለውን የሻጭ ቃል ትታችሁ ቁራጭ ለምኑ። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ቁራጭ አንድ ሰዓት ቀቅሉት፣ በደንብ አድርቁት፣ ደግማችሁ ቀቅሉት። ንብርብሮቹ ከተላቀቁ ወይም ካበጡ ያ ሉህ ለጀልባ አይሆንም። ጠርዙንም እዩ፤ በንብርብሮቹ መሐል ክፍት ቀዳዳ ካለ እንጨቱ ሲታጠፍ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ችፑድና ኤምዲኤፍን ከነአካቴው እርሱ።

ለኮንክሪት ፎርምወርክ የሚሸጠው ቡናማ ገጽ ያለው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ብዙ ጊዜ ሙጫው ጠንካራ ነው። ነገር ግን አንዱ ሉህ 35 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ላዩ ላይ ያለው ፊልምም ኮላም ቀለምም አይቀበልም። ለገላው አይሆንም። ለመሪውና ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ለሚከላከለው የጎን ሰሌዳ ግን የዚሁ ቁራጭ ከማንም ይበልጣል። ለጎን ሰሌዳው 1.10 ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የተቆረጠውን ጠርዝ ብቻ አሽጉት።

ገንዘብ ካጠረ ከሌላው ሁሉ ላይ ቀንሳችሁ ኮላው ላይ አውሉት። ነጩ የአናጢ ኮላ ለወንበር እንጂ ለጀልባ አይደለም፤ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ ጭነት ሲበዛበት ይንሸራተታል። ቆርቆሮው ላይ ውኃ መቋቋሙን የሚያሳይ ዲ4 (D4) የሚል ምልክት ያለው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን መጋጠሚያው ግጥም ካላለ ክፍተት አይሞላም። ማስቲሽ ጭራሽ አይታሰብም። ባቲላሜራዎች የሚጠቀሙበት ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይፈተንበታል፤ እንጨትን ግን በደንብ አይጨብጥም፣ ሲደርቅም ተሰባሪ ነው። ጀማሪ የሚቀባው ፋይበር ግላስ ከርሞ እንደ ልጣጭ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሆነው ባለ ሁለት ዕቃ ኤፖክሲ ነው፣ ሬዚኑና ማጠንከሪያው ለየብቻ መጥተው የሚቀላቀሉበት ማጣበቂያ፤ ደሴ ካጣችሁት ከአዲስ አበባ አስመጡት። ለማጣበቂያውና ለአንድ ዙር ቅብ 5 ኪሎ ያህል ያዙ። ማጠንከሪያውን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን በሚዛን ለኩ። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር የፖሊስተር ልማድ ነው፤ ኤፖክሲ ላይ የተረፈው ማጠንከሪያ ሳይደርቅ ይቀራል፣ መጋጠሚያውም ዕድሜ ልኩን ለስላሳ ይሆናል። መገጣጠሚያ ለመሙላት የደቀቀና የተነፋ የእንጨት ዱቄት ቀላቅሉበት፤ እንደ ወፍራም ሽሮ ሲሆን በቂ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ኤፖክሲ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች አይጠነክርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ረፋድ ላይ አጣብቁ፣ ማታ ብርድ ልብስ አልብሱት፣ ሳይጠነክር ሞርሳውን አትፍቱ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና የሚሞቅ ስለሆነ ችግሩ ተገላባጭ ነው፤ ብዙ ኤፖክሲ በጣሳ ውስጥ ከተቀመጠ በራሱ ሙቀት ይፈላና ሥራ ሳይሠራ ይደርቃል። 200 ግራም እየቀላቀላችሁ ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሱት። ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ የሰም ዓይነት ቅባት ከታየ በውኃ እጠቡትና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ቅብ አይይዝም።

ለማዕዘኖችና ለጠርዝ 2 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 2.5 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ያስፈልጋል። የፈረንጅ ጽድ ቀላልና ለመላጊያ የሚመች ነው፤ ጉጥ የሌለውን ምረጡ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተጣበቀ በኋላ ይጣመማል፣ ገላውንም ይዞ ይጣመማል። ለምሰሶ ግን በጥላ ለወራት የደረቀ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና ያዋጣል፦ 3.5 ሜትር ርዝመት፣ ታቹ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ክብደቱ ከጽዱ ይበልጣል፣ ጥንካሬውም እንዲሁ።

ሥራው ላይ ጀማሪ የሚስተው ጥቂት ነገር ነው። የጎኑን ጉብጠት በቀጭን ሊስትሎ አስምሩና ሁለቱን ጎኖች ደርባችሁ በአንድ ጊዜ ቁረጡ። የማዕዘኑን እንጨት ስታጣብቁ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ መሆኑን እዩ፤ ሁለት ግራ ጎን መሥራት የተለመደ ስሕተት ነው። ወለሉን ከመለጠፋችሁ በፊት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሲባጎ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ገላው ጠማማ ነው፣ ወለሉ ከተጣበቀ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። 25 ሚሊ ሜትር ብሎን እስኪደርቅ ድረስ ብቻ ይያዝ፤ ከዚያ ነቅላችሁ ቀዳዳውን ሙሉ፣ የቀረ ብረት ዝጎ እንጨቱን ያበላሻል። የኮምፔርሳቶው ጠርዝ ውኃ የሚጠጣበት አፍ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ይቀባ። ከዚያ በላይ ተራ የዘይት ቀለም በደንብ ያገለግላል፤ ለጀልባ የተሠራ ውድ ቀለም ለጨው ውኃ እንጂ ለሐይቅ አያስፈልግም።

የአየር ሳጥኖቹ በሁለቱ ጎኖች ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳሉ። ከመዘጋታቸው በፊት ውስጣቸው ይቀባ፣ መክፈቻም ይደረግላቸው፤ የተዘጋ እርጥበት ከውጭ ሳይታይ ያበሰብሳል። ቢሰነጠቁ እንኳ እንዲያነሱ በየጎኑ ስምንት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ክዳኑን አጥብቆ መክተት ጥሩ ዋስትና ነው።

ለሸራው የገበያ ፕላስቲክ ሸራ ይሠራል፤ ነጩም ሰማያዊውም ያው ነው፣ ፀሐይ ቶሎ ትፈጀዋለች። ዳርና ዳሩን አጥፉና ገመድ አስገብታችሁ አሰፉ፤ በማዕዘኖቹ ላይ ድንኳን ሰፊዎች የሚመቱትን የብረት ቀለበት አስመቱ። የላይና የታች ጠርዙን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ መሐሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይጉበጥ፣ ሸራው ሆድ እንዲያወጣ። ባሕር ዳርቻ ላይ ለዚህ ጀልባ 5 ካሬ ሜትር ይበቃል። ሐይቅ ግን ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በ18 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚገፋው በዚያው ልክ አንሶ ነው። 6 ካሬ ሜትር አድርጉት፤ ነፋስ ሲበረታ ታቹ ተጠቅልሎ እንዲታሰር ግን በግማሹ ላይ የማሰሪያ ገመዶች ይሰፉበት።

ተሠርታ ስታልቅ ከ40 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ሁለት ሰው ይሸከማታል፣ የፒክአፕ ጭነት ናት። ለአንድ ትልቅ ሰው፣ ወይም ለአንድ ትልቅ ሰውና ለሕፃን ትሆናለች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከተቀመጡባት የኋላ መዝጊያዋ ውኃ ውስጥ ገብቶ መጎተት ይጀምራል፤ ለሁለት የሚፈልግ ረዘም ያለ ንድፍ ይምረጥ። የሕይወት አድን ጃኬት ዋጋ ከመጀመሪያውኑ ከጀልባዋ ወጪ ጋር ይቆጠር።